በእኔ ወሬ የተበላሸ ጥለት

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አዲሱ ገበያ ባለው ሰፈር፣ የድሃ ልጅ ወደ ሳይንስ በማስገባት የሚስተካከለኝ መምህር አልተፈጠረም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ራሴን ማሞገስ ከጀመርኩማ ይህ ወረቀት አይበቃኝም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ገና የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ስለ ስበት ስናገር ጣራ ላይ ያለ ዝንብ እንኳ አምኖ መሬት ይወርዳል ይባልልኝ ነበር። ይህን ይል የነበረው እኔው ነኝ።

ቁጥር ከተፈለገ ደግሞ ልቁጠርላችሁ። በዚያ ትምህርት ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ወላጅ ፊት ቆሜ ሳይንስ ክፍል ያስገባኋቸው ልጆች ብዛት አንድ ነው። አንድ። እሷም ብትሆን የገባችው በአንደበቴ ኃይል አይደለም፤ አንደበቴማ ሊያስቀራት ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥረኛ ክፍል ሲያልቅ ተማሪው ቅጽ ይሰጠዋል፤ ሳይንስ ወይስ ሌላ ብሎ መርጦ፣ ወላጅ አስፈርሞ ይመልሳል። የእኔ ክፍል ልጆች ለአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ነበር የሚቀመጡት፤ አንዱ ካስነጠሰ ሦስቱ ደብተራቸው ላይ ይሰርዛሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሳይንስን የሚመርጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መጀመሪያ ፈርተውት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃል፤ ሳይንስ የመረጠ ግን ከሰዓት ተመልሶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቤተ ሙከራና ተጨማሪ ትምህርት አለበት። የእኔ ተማሪዎች ደግሞ ከሰዓት የሚጠብቃቸው ሌላ ነገር ነበር። አንዱ ከእንጦጦ ቅጠል ያወርዳል፣ አንዷ ከእናቷ ጋር ጉሊት ትቀመጣለች፣ አንዱ ታናናሾቹን ይጠብቃል። ሳይንስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ድህነትም ሥራ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው።

ልጅቷ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ሰፈር የምትኖር የሸማኔ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ድምጿን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አዋርዶኛል። በክር ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥዬ እያወዛወዝኩ፣ "የክሩ ርዝመት እስካልተለወጠ ድረስ አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጅበት ጊዜ አይለወጥም" እያልኩ ስደነፋ፣ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ክሩ እኮ ይረዝማል።"

"ክር አይረዝምም።"

"የጥጥ ክር ነው። ድንጋዩ ሲስበው ይረዝማል። ይለኩት።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም "እስቲ እንለካላት" ብዬ በንቀት ማስመሪያ አወጣሁ። የጣት ስፋት ያህል ረዝሟል። ዞር አልኩና "ጎበዝ! ልፈትናችሁ ብዬ ነበር" አልኩ። ያመነኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ልጅ ሳይንስ ካልገባች ጠመኔ አልይዝም ብዬ ማልኩ። ለማንም አልነገርኩም እንጂ ትልቅ መሐላ ነበር።

ቅጹን ስትመልስ የምርጫው ሳጥን ባዶ ነው፤ የአባት ፊርማም የለም።

"ይኼ ምንድን ነው? ሳይንስ አትወጂም?"

"እወዳለሁ።"

"ታዲያ?"

"ከሰዓት ድውር አለብኝ፣ ቲቸር።"

ድውር ለማታውቁ፤ ሸማኔ ማጉን የሚወረውረው እንዲያው አይደለም። ክሩ መጀመሪያ ጣት በምታህል ቀሰም ላይ ይጠቀለላል፣ ቀሰሟ መወርወሪያው ውስጥ ትገባለች፣ ስታልቅ ሌላ ይተካል። አንድ ሸማኔ በቀን የሚጨርሰውን ድውር ለመጠቅለል ሌላ ሰው ግማሽ ቀን ቁጭ ማለት አለበት። በዚያ ቤት ያ ሌላ ሰው እሷ ነበረች።

በመምህራን ክፍል ነገሩን ሳነሳ አንዱ ባልደረባዬ ሻዩን እያማሰለ፣ "ተዋት ባክህ፣ ታይፕ ትማር። የሸማኔ ልጅ ፊዚክስ ምን ያደርግላታል?" አለኝ። እኔም "አባቷ በእግሩ፣ በእጁና በዓይኑ በአንድ ጊዜ የሚሠራውን ፊዚክስ አንተ በሦስት መጽሐፍ አታስረዳም" አልኩት። ማለት፣ ይህ መልስ የመጣልኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በዕለቱ ያልኩት "እስቲ እናያለን" ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ያለችኝን አንድ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ባልተፈረመው ቅጽ ኪሴን አሳብጬ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ብስክሌት ነበረችኝ። በመላው ጉለሌ የእኔን ያህል የምታምር ብስክሌት አልነበረችም፤ ቁልቁለት ላይ እሷ እኔን ትሸከማለች፣ ዳገት ላይ እኔ እሷን እሸከማለሁ። ጉለሌ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ ሁሉም ዳገት ነው።

እናትየው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ቀና አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ደኅና መጡ፣ መምህር። ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ እየቆጠረ ነው" አሉኝ።

ሰምቻቸዋለሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም፤ በሆዴ ያዘጋጀሁት ንግግር እንዳይቀዘቅዝብኝ ቸኩዬ ነበር። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

አባትየው እንደ ሸማኔ ወግ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ወለሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለሠርግ የታዘዘ ቀሚስ ላይ ነበሩ። ጥለቱ ጋ ደርሰው፣ በጣታቸው የድሩን ክር እያነሱ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ ጥግ ላይ መዘውሯን አቁማ በርከክ ብላለች። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የራሴ ጫማ አስደነገጠኝ።

"ጤና ይስጥልኝ አባቴ! የልጅዎ መምህር ነኝ!"

ዝም።

እንግዲህ የዚያ ቤት ሕግ፣ በኋላ እንደተነገረኝ፣ ጥለት ሲቆጠር ሰው አይናገርም፣ ሕፃን ወደ ጎረቤት ይሸኛል፣ ዶሮዋ እንኳ ወደ ጓሮ ትባረራለች የሚል ነው። እኔ ደግሞ ሽማግሌው ጆሯቸው የደከመ መሰለኝ። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

የተናገርኩትን ዛሬ ሁሉንም አላስታውስም። እኔ ባላስታውሰውም የታችኛው ሰፈር ሰው ያስታውሰዋል። ሳይንስ የሰው ልጅን ከዋሻ እንዳወጣው፣ ባሕር እንዳሻገረው፣ ጨረቃ ላይ እንዳቆመው፣ አገራችን ከልጆቿ ምን እንደምትጠብቅ፣ ሁሉንም በተርታ አወረድኩት። ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፤ ንግግሬ ልቧን ነክቶት መሰለኝና ጨረቃ ላይ ትንሽ ቆየሁበት። አባትየው ቀና ሳይሉ ይወረውራሉ፣ ይመታሉ፣ ያነሳሉ፣ ይወረውራሉ። ስጨርስ ላቤ ከግንባሬ ወደ ክራቫቴ ይወርድ ነበር።

መወርወሪያቸውን አስቀመጡ።

"ጨረሱ?"

"ጨረስኩ፣ አባቴ።"

"በሉ ይምጡ፣ ይቀመጡ።"

ጉድጓድ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ቆሞ መነጋገር ነውር ነው፤ ግራጫውን ሙሉ ልብሴን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው የተሸመነውን ወደ እኔ ዘረጉት። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ነጥብ ነጥቡ ተገናኝቶ የተደረደረ ውብ ነገር። ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ወደ ቀኝ ይወድቃል።

"ከዚህ እስከዚህ" አሉ ደኅናውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ "የእኔ ሥራ ነው። ከዚህ እስከዚህ የእርስዎ ንግግር ነው።"



"ይኸውልዎት፣ ይኼ ጋ 'ጤና ይስጥልኝ' አሉ። አሥራ ሰባት ላይ ነበርኩ። ይኼ ጋ ደግሞ፣ ይኼ ትልቁ፣ ጨረቃ ላይ የወጡበት ነው።"

"አባቴ... ታዲያ ለምን ዝም በል አላሉኝም?"

"መምህርን ዝም በል ይባላል?" አሉ፤ እውነተኛ መገረም ነበር ፊታቸው ላይ። "እጄን ባቆም ደግሞ ያልሰማሁዎት ይመስልብኛል። ሠራሁት።"

ከደጅ የእናትየው ሳቅ መጣ። "ነግሬዎት ነበር እኮ፣ መምህር! እየቆጠረ ነው ብዬዎት ነበር!"

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ከሸማኔዎች ማኅበር በልክ የሚሰጥ ክር ነው፤ የሰው የሠርግ ቀሚስ ነው፤ እኔ ደግሞ የተበላሸውን እንዲፈቱ አንድ ሙሉ ቀን ጨምሬባቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቅጹ አሁንም ኪሴ ውስጥ አልተፈረመም።

"ስሙኝ፣ መምህር" አሉ ሽማግሌው፣ ክሩን ወደ ኋላ መፍታት እየጀመሩ። "ልጄ ብትማር አልጠላም። እኔ ራሴ በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠርኩት፤ ያቹትና ወረቀቴ።" ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ የምስክር ወረቀት በአገጫቸው አሳዩኝ። "ግን ሳይንስ ከሆነ ከሰዓት የለችም። ሌላው ከሆነ ከሰዓት አለች። ድውር ከሌለ መወርወሪያው ባዶ ነው፤ መወርወሪያው ባዶ ከሆነ እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን እሠራለሁ? በቃ፣ ነገሩ ይኼ ነው። ክፋት አይደለም።"

ክፋት እንዳልሆነ አይቻለሁ። ስለዚህ አፌ ያለ እኔ ፈቃድ፣

"ድውሩን እኔ እጠቀልላለሁ!" አለ።

እናትየው እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ። አባትየው ግን አልሳቁም፤ እጆቼን ገልብጠው አዩዋቸው፣ መልሰው ሰጡኝ።

"እስከ ዓርብ ቅጹ እኔ ጋ ይቆይ። ከትምህርት ቤት የምትመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ነው ብለዋል። የነገውን ድውር ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ በእርስዎም ይሁን በእሷ እጅ፣ ሞልታችሁ ካሳያችሁኝ እፈርማለሁ። ካልሞላ ግን በሌላው ላይ እፈርማለሁ፤ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው ብላኛለች።"

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ተገኘሁ። ልጅቷ መዘውሩን በቀኝ እጇ እያዞረች፣ ክሩን በግራዋ ጣቶች መሀል እያሳለፈች አሳየችኝ። እሷ ስትሠራው እንደ መተንፈስ ነው። እኔ ስሞክረው ክሩ መጀመሪያ ቀሰሙ ላይ፣ ቀጥሎ ጣቴ ላይ፣ በመጨረሻም የሸሚዜ ቁልፍ ላይ ተጠቀለለ። በመቀስ ነው ያላቀቁኝ። እናትየው የተረፈውን ኳስ የሚያህል ውትብትብ አንስተው እያገላበጡ፣

"ይኼን ለድመቷ ሰጥተናት ቢሆን ኖሮ ጫፉን አናጣውም ነበር" አሉ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ እኔ አንድ፣ ልጅቷ ስድስት ቀሰም ሞላን። የሚያስፈልገው ከዚያ ሦስት እጥፍ ነው። የእኔዋን አንዷን ደግሞ አባትየው በአውራ ጣታቸው ጫን አሏትና ለብቻዋ አስቀመጧት፤ ሰው ለማስታወሻ እንደሚያስቀምጠው።

ማክሰኞ ልጅቷ መዘውሩ ጋ አልተቀመጠችም። አጥሩ ላይ የተደገፈችውን ብስክሌቴን ቆማ ታያለች።

"ቲቸር፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ጊዜ ይዞራል?"

ይህን ለሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ጥርስ ለጥርስ ይካፈላል፣ ሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም ጠመኔ እስለዋለሁ። የራሴን ብስክሌት ግን አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም። ጎማው ላይ ነጭ ክር አስራ፣ ፔዳሉን በእጇ አዞረች። ሁለት ተኩል።

"እና ቸርኬው ላይ የጎማ ችንጋ አድርገን ቀሰሙን ቢያዞረውስ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ብዙውን ጊዜ "ብስክሌቱን ገለበጥነው" እላለሁ። የገለበጠችው እሷ ናት፤ እኔ "ቀስ፣ ቀለሟ እንዳይላጥ" ነበር የምለው። በኮርቻዋና በመሪዋ አቆመቻት፣ የኋላ ጎማዋን አውልቃ ቸርኬውን ባዶ አስቀረች፣ ከካላማዳሪያዋ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቀጭን ችንጋ ቆርጣ ከቸርኬው ወደ አንዲት ባዶ የክር እንጨት ዘረጋች፤ እንጨቷን ቀሰሙ በሚሰካበት ዘንግ ላይ አስገባቻት። ካላማዳሪያው አዲስ ነበር። ይህን የምናገረው ለመስዋዕትነቴ ማስረጃ እንዲሆነኝ ነው።

ረቡዕ ሞከርነው። ፔዳሉን አንዴ ሳዞረው ቀሰሟ እንደ ተርብ ጮኸች፣ ክሩም ጧ ብሎ ተበጠሰ። ቀጠልን። ተበጠሰ። ችንጋው ሲነሳ ይንሸራተታል፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱ እሱ ነው ብዬ ወሰንኩ።

"ጠበቅ አድርጊው። መንሸራተት ብክነት ነው፤ ሰበቃ ኃይል ይበላል። ምዕራፍ አራት።"

ጠበቅ አደረገችው። ባሰበት። ምዕራፍ አራትን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። ክሩ አላነበበውም መሰል፣ ተበጠሰ። ቀኑ አለቀ፤ እናትየውም ብጥስጣሹን እየለቀሙ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ነው ነገሩ መክፋቱን ያወቅኩት። አንድ ቀን ቀርቶናል፤ ዓርብ አባትየው የሚፈትሹበት ቀን ነው።

ሐሙስ ስደርስ ልጅቷ ቀድማ ጀምራለች። ችንጋው ተልፈስፍሶ ሊወድቅ የደረሰ ነው።

"ምን አደረግሽው? ይኼ ምኑን ያዞረዋል?"

"አባዬ ክር ሲያስቸግረው እጁን ያላላል እንጂ አይጎትትም። ችንጋውም እንደሱ ቢሆን ብዬ ነው። ክሩ ሲከብደው ችንጋው ራሱ ይንሸራተትለታል፤ ሲቀለው ደግሞ ይይዘዋል። መንሸራተቱ እኮ ነው የሚጠቅመን፣ ቲቸር።"

አዞርኩት። ቀሰሟ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ፈጠነች፣ ክሩ በጣቶቿ መሀል እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ቋጠሮ ሲያጋጥም ችንጋው ለአንድ አፍታ ይስታል፣ እሷ ታሳልፈዋለች፣ መልሶ ይይዛል። አልተበጠሰም። የፊዚክስ ዲግሪዬን ይዤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፔዳል እያዞርኩ፣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ምዕራፍ አራትን ስታስተምረኝ ዋልኩ። ስንጨርስ ደጁ ገና ብርሃን ነበር።

"እንዲህ ነው እንግዲህ" አልኳት፣ "ልፈትንሽ ብዬ ነበር።"

"አውቄአለሁ፣ ቲቸር" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፤ ሳቋ የእናቷ ነው።

ዓርብ ሽማግሌው ከጉድጓዱ ወጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ድረስ አንዴም አልተናገሩም። እኔ አዞርኩ፣ እሷ አሳለፈች። አንድ ጊዜ ችንጋው ወልቆብን ልጅቷ ፈጥና መለሰችው። የመጨረሻዋ ቀሰም ስትሞላ፣ ዝርግ ሰፌድ ላይ የተደረደሩትን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። አንዷን አነሱ፣ ሸተቱ፣ ሳብ አደረጉ፣ መለሱ። የእኔን የሰኞዋን ከመደርደሪያ አውርደው አጠገቧ አስቀመጧትና ሁለቱን አስተያዩ።

"ይቺ የእርስዎ ናት። እነዚህ የብስክሌቱ ናቸው።" አሰብ አደረጉ። "ብስክሌቱ ከእርስዎ ይሻላል።"

ከዚያ ቅጹን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ለአሻራ ጣታቸውን ቀለም አልነከሩም። "ብዕር" አሉ። ሰጠኋቸው። ሙሉ ስማቸውን ሊጽፉ ነው።

አንድ ፊደል ጻፉ። ቆዩ። ሁለተኛውን ጻፉ። ብዕሩን አንስተው ቅጹን ከሩቅ አዩት። ሦስተኛው ላይ እጃቸው አየር ላይ ቆመ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፊደሉን ከየቤቱ እየፈለጉት ነው። እኔ ፊደሉን አውቀዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ጫማዬን ረገጠችኝ። ቀና ስል እናትየውም እንዝርታቸውን አቁመዋል፤ ዶሮዋም ጓሮ ናት። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እየቆጠሩ ነው።

አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የደከምኩበት ሥራ የለም። እሳቸው ፊደሉን አገኙት፣ ጻፉት፣ የአባታቸውን ስም ቀጠሉ፣ የአያታቸውንም ጨመሩ። ከዚያ ብዕሬን መለሱልኝና፣

"አሁን ይናገሩ፣ መምህር" አሉኝ።



ብስክሌቴ ከዚያ ቤት አልወጣችም። ለሁለት ዓመት ከአዲሱ ገበያ እስከ ትምህርት ቤት በእግሬ ተመላለስኩ፤ ከስቼ ከስቼ ግራጫው ሙሉ ልብስ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሆነ። ልጅቷ ከሰዓት ቤተ ሙከራ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብስክሌቱ ጋ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት የመጣ ቀን፣ ሽማግሌው ከጉድጓዳቸው ወጥተው በእግራቸው ትምህርት ቤት መጡ፤ ከአጥሩ ውጪ ቆመው አስጠሩኝ። ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም ምህንድስና ነው የደረሳት። ብብታቸው ሥር የታጠፈ ጋቢ ነበር።

"ለእርስዎ ነው። ይዘርጉት።"

ዘረጋሁት። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ይመለሳል፣ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ከ"ጤና ይስጥልኝ" እስከ ጨረቃ ድረስ አንድ ሳይቀር ሁሉም አለ።

"ሆነ ብዬ ነው" አሉኝ። "ቆጥሬ። ቆጥሮ ማበላሸት ከማሳመሩ ይከብዳል።"

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ያን ጋቢ እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ። ልጃቸው ዛሬ አንቱ የተባለች መሐንዲስ ናት፤ በእነ ሽሮ ሜዳ፣ በእነ እንጦጦ ግርጌ ያሉ ትምህርት ቤቶች እየዞረች፣ በተለይ ከሰዓት ሥራ ያለባቸውን ሴት ልጆች እየፈለገች ስለ ሳይንስ ታወራላቸዋለች። ንግግሯ አጭር ነው። አንዳንዴ እኔንም ታስጠራኛለች፤ "እኚህ መምህሬ ናቸው፤ ጊዜ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው" ትላቸዋለች። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ደረቴ እስከ ጣራ ይነፋል።

እሷ የማትነግራቸው አንድ ነገር ግን አለ፤ እኔ ልናገረው። ቅጹ በተፈረመ በስድስተኛው ወር ገደማ፣ ያኔ ከፍተኛ ይባል በነበረው ወረዳችን ባሉ ትምህርት ቤቶች የሥራ ውጤት ኤግዚቢሽን ላይ ያን ብስክሌት አቅርቤ ነበር። ለአንድ ቀን ነው የተዋስኳት። መዝጋቢው ብዕሩን አንስቶ "ጓድ፣ የሠራው ሰው ስም?" ሲለኝ ከሰዓት ነበር፤ እሷ ቤተ ሙከራ ናት። መናገር የነበረብኝ የአንዲት ልጅ ስም ብቻ ነው። ለዝንብ ስለ ስበት፣ ለሸማኔ ስለ ጨረቃ የሚያወራው አፌ ያን ስም አላወጣም። የራሴን ስም አስመዘገብኩ፤ ብስክሌቷ ላይ የሚንጠለጠለውን የስም ካርድም በገዛ እጄ ጻፍኩ። አንደኛ ወጣ። ከቤተ ሙከራ ስትወጣ መጥታ ካርዱን አነበበችና "ቲቸር፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል" ብላኝ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። የምስክር ወረቀቱ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል፤ "ለፈጠራ ሥራው" ይላል፣ ከሥሩም የእኔ ስም አለ።